ሐሮልድ ኸርስት፤ የናይልን ሙላትና ጉድለት ሲለኩ የኖሩት ሊቅ እና የባሮ ወንዝ

በጋምቤላ ከተማ ክረምት በገባ ቁጥር የነዋሪው ዓይን ወደ ባሮ ወንዝ ያተኩራል። በኢሉባቦርና በወለጋ ደጋማ አካባቢዎች የሚጥለው ዝናብ በየገባሩ ተጠራቅሞ ወደ ቆላው ሲወርድ፤ አኙዋኮች ኦፔኖ ብለው የሚጠሩት ይኸው ወንዝ አልጋውን ሞልቶ ወደ ሜዳው ይሰፋል። በዚህ ወቅት የክልሉ የሥራ ኃላፊዎች፣ የአደጋ መከላከል ሠራተኞች፣ አርሶ አደሮችና አርብቶ አደሮች የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው። ውሃው ዘንድሮ እስከየት ይደርሳል የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ በግምት ሳይሆን በቁጥር ለመመለስ ዕድሜያቸውን ከሰጡ ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሐሮልድ ኤድዊን ኸርስት ናቸው። ኸርስት ከስድሳ ዓመታት በላይ ከናይል ወንዝ ጋር የኖሩ፣ የተፋሰሱን ገባሮች ውሃ በተከታታይ ጥራዞች መዝግበው ያስቀመጡና በመጨረሻም በዓለም ዙሪያ በስማቸው የሚጠራ የሒሳብ ግኝት ትተው ያለፉ ሰው ናቸው። ዛሬ ስለ ጎርፍ መከላከልና ስለ መስኖ ሲነገር የሚሰሙት በርካታ ሙያዊ ቃላት የእርሳቸው ሥራ አሻራ አለባቸው። ከቃላቱ መካከል አንዳንዶቹ በጋምቤላ ሕዝብ ኑሮ ላይ ከባድ ትርጉም ያላቸው በመሆናቸው የሕይወት ታሪካቸው ለአገራችን አንባቢ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ተብለው በግልጽ ካልተጠቀሱ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው።

ከአናጢነት እስከ ኦክስፎርድ

ኸርስት በጥር 1 ቀን 1880 በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ አቅራቢያ ከአንድ የመንደር ግንበኛ ቤተሰብ ተወለዱ። ቤተሰቡ በዚያው አካባቢ ለብዙ ትውልዶች የኖረ ቢሆንም ሀብታም አልነበረም። በዚህም ምክንያት ወጣቱ ኸርስት በ15 ዓመታቸው መደበኛ ትምህርታቸውን አቋርጠው በአንድ በኩል ኬሚስትሪ፣ በሌላ በኩል ከአባታቸው ዘንድ የአናጢነት ሙያ ይማሩ ነበር። ይህ በእጅ የመሥራት ልምድ በኋለኛው ዘመናቸው በወንዝ ዳር የመለኪያ መሣሪያ ሲተክሉና ሲያስተካክሉ ብዙ እንደጠቀማቸው ከሥራቸው ለመረዳት ይቻላል።

ቀን እያስተማሩ ማታ በመማር የቆዩት ኸርስት በ20 ዓመታቸው ባገኙት የነጻ ትምህርት ዕድል ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዚያም በኸርትፎርድ ኮሌጅ ፊዚክስ አጥንተው በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። ከምረቃ በኋላም በዩኒቨርሲቲው ለሦስት ዓመታት ያህል በአስተማሪነትና በቤተ ሙከራ አሠልጣኝነት አገለገሉ።

በ1906 ለአጭር ጊዜ ለመሥራት ብለው ወደ ግብፅ ተጓዙ። የመጀመሪያ ሥራቸው ከውሃ ጋር የሚያገናኝ አልነበረም። ትክክለኛውን ሰዓት ከጠፈር መመልከቻ ጣቢያው ወደ ካይሮ አምባ የማስተላለፍ ኃላፊነት ነበራቸው፤ በአምባውም እኩለ ቀን መሆኑን ለከተማው ሕዝብ የሚያበስር መድፍ ይተኮስ ነበር። ይሁን እንጂ ለአጭር ጊዜ የተባለው ቆይታ 62 ዓመታት ፈጀ። ወጣቱ የፊዚክስ ባለሙያ ብዙም ሳይቆዩ በናይል ተማረኩ፤ በኋላም በግብፅ የሥራ ሚኒስቴር የፊዚክስ መምሪያ ዋና ዳይሬክተር ለመሆን በቁ።

ወንዝን መለካት ማለት

ኸርስት ሥራ በጀመሩበት ዘመን የግብፅ መስኖ ከባድ ፈተና ላይ ነበር። በአስዋን የተሠራው የመጀመሪያው ግድብ በ1902 ተጠናቆ የነበረ ሲሆን፤ አቅሙ በአንድ ክረምት የተረፈውን ውሃ ለቀጣዩ በጋ ከማቆየት አያልፍም ነበር። በ1913 ናይል እስከዚያ ድረስ ከታወቁት ዓመታት ሁሉ እጅግ ዝቅተኛ በሆነ መጠን ሲፈስስ፤ ለአንድ ዓመት ብቻ ማከማቸት ሕዝብን ከረሃብ እንደማያድን ግልጽ ሆነ። ኸርስትም የወንዙን ጠባይ ከምንጩ እስከ አፉ ማወቅ ያስፈልጋል ብለው ተነሡ።

በዚያ ዘመን መንገድ አልነበረም። ኸርስት አንዳንዴ በእግር ከተሸካሚዎች ጋር፣ አንዳንዴ በብስክሌት፣ አንዳንዴ በእንፋሎት ጀልባ፣ በኋላም በመኪናና በአውሮፕላን እየተጓዙ የተፋሰሱን ሰፊ ክፍል አዳረሱ። በየወንዙ የሚተከሉት መለኪያዎች እየበዙ ሲሄዱ የቁጥሩ ክምችትም አብሮ ጨመረ።

የወንዝ ልኬት ለባለሙያ ላልሆነ ሰው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ብዙ ጊዜ ይቀላቀላሉ። አንደኛው የውሃው ከፍታ ነው። ይህም በወንዙ ዳር በተተከለ፣ ሜትርና ሳንቲ ሜትር በተጻፈበት ሰሌዳ ላይ በየቀኑ የሚነበብ ነው። ሁለተኛው የፍሰት መጠን ሲሆን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚያልፍ ያሳያል። የፍሰት መጠንን ለማወቅ የወንዙን ስፋትና ጥልቀት ከዳር እስከ ዳር መለካት፣ የውሃውንም ፍጥነት በየጥልቀቱ በሚጠልቅ መሣሪያ መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ በተለያዩ የውሃ ከፍታዎች ላይ ደጋግሞ ከተከናወነ በኋላ ከፍታንና ፍሰትን የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። ከዚያ ወዲህ አንድ የወንዝ ዳር ሠራተኛ በየጠዋቱ የሚያነበው ከፍታ ብቻ ስንት ውሃ እንዳለፈ ለመናገር ያስችላል።

ኸርስት በዚህ ረገድ የሚታወቁት ለትክክለኛነት ባላቸው ቀናዒነት ነው። የአስዋን ግድብ በሮች ሲከፈቱ የሚለቁት ውሃ በትክክል ስንት እንደሆነ ለማወቅ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ያደረጉትን ጥናት አሳትመዋል። በ1931 ደግሞ የናይል ተፋሰስ የተሰኘውን ተከታታይ ሥራ የመጀመሪያ ጥራዝ ለኅትመት አበቁ። ተከታዮቹን ጥራዞች ብላክ ከተባሉት እንግሊዛዊና ሲማይካ ከተባሉት ግብፃዊ ባለሙያ ጋር በመሆን ለብዙ ዓመታት ሲያዘጋጁ ቆይተዋል።

ጋምቤላና የባሮ መዝገብ

የጋምቤላ ስም በዚህ መዝገብ ውስጥ የገባው ከኸርስት ወደ ግብፅ መምጣት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። በግንቦት 1902 በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል መሠረት እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አቅራቢያ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ቦታ እንዲከራዩ ተፈቀደላቸው። ጣቢያው በመጨረሻ የተቋቋመው በጋምቤላ ሲሆን፤ ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት ወንዝ በኩል የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና የሚጭኑበት ወደብ ሆነ። መርከቦቹ የሚደርሱት ባሮ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ በመሆኑ የወንዙን ከፍታ ማወቅ ለንግዱም አስፈላጊ ነበር። በጋምቤላ የባሮ ፍሰት መዝገብ ከ1905 ይጀምራል።

በዚሁ ውል ሦስተኛው አንቀጽ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚመለከት ቃል ሰፍሯል። ቃሉ ውሃው ወደ ናይል እንዳይፈስ የሚገታ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ የሚል ነበር። ባሮ የሶባት ዋና ገባር በመሆኑ አንቀጹ በቀጥታ ጋምቤላን የሚነካ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ሲሰጥ የኖረው ትርጓሜ መግታት ማለት ፈጽሞ ማቆም እንጂ በውሃው መጠቀም ማለት አይደለም የሚል ነው። በአንድ የቴክኒክ ቃል ፍቺ ላይ የተነሣ ልዩነት ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል የመንግሥታት ክርክር ሆኖ መቆየቱ በውሃ ጉዳይ ቃላት ምን ያህል ክብደት እንዳላቸው ያሳያል።

ኸርስትና ባልደረቦቻቸው በ1950 ያሳተሙት ስምንተኛው ጥራዝ የሶባትንና የነጭ ዓባይን ውሃ የሚያጠና ነው። ከዚህና ከኋለኞቹ ጥናቶች የተገኘው ውጤት አስገራሚ ነበር። በጋምቤላ በኩል የሚያልፈው የባሮ ውሃ በዓመት በአማካይ 13 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ነገር ግን ወንዙ ሜዳውን አቋርጦ ከፒቦር ጋር እስኪገናኝ ድረስ መጠኑ ከ10 ቢሊዮን በታች ይወርዳል። ምክንያቱ ከጋምቤላ በታች የወንዙ አልጋ የሙላቱን ውሃ በሙሉ ለመሸከም የማይበቃ መሆኑ ነው። በክረምት ጫፍ ላይ ትርፉ ውሃ ከዳርቻው አልፎ ወደ ሜዳውና በስተሰሜን ወዳለው የማቻር ረግረግ ይፈስሳል። ከዚያም አብዛኛው በፀሐይ ተንኖ ይቀራል።

ሶባት በመጨረሻ ወደ ነጭ ዓባይ የሚያስገባው ውሃ በአማካይ 13.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ሲሆን፤ ይህም በማላካል ከተማ በኩል ከሚያልፈው የነጭ ዓባይ ውሃ ግማሽ ያህሉ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሣው ውሃ በጥቁር ዓባይ በኩል ብቻ ሳይሆን በነጭ ዓባይ በኩልም ናይልን እንደሚመግብ በቁጥር የተረጋገጠው በዚህ ዓይነት አድካሚ ልኬት ነው።

ብክነት የተባለው ውሃ

በኸርስት ዘመን የነበሩ መሐንዲሶች ከወንዙ አልጋ ወጥቶ በረግረግ የሚቀረውን ውሃ ብክነት ብለው ይጠሩት ነበር። ከካይሮ ለሚመለከት ሰው ቃሉ ትክክል ይመስላል። ወደ ግብፅ ማሳ ያልደረሰ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውሃ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ጉድለት ሆኖ ይቆጠራልና ነው።

በባሮ፣ በአልዌሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች ዳር ለሚኖረው ሕዝብ ግን ይኸው ውሃ ሌላ ስም አለው። ሙላቱ ሲሸሽ እርጥበትና ለም ደለል በዳርቻው ትቶ ይሄዳል። የአኙዋክ አርሶ አደሮች በዚህ መሬት ላይ በቆሎና ሌሎች ሰብሎችን ይዘራሉ፤ ይህም በአማርኛ የሽሽት እርሻ የሚባለው ነው። የኑዌር አርብቶ አደሮች ደግሞ በክረምት ወደ ከፍተኛ ቦታ ወጥተው ይቆዩና በጋ ሲገባ ሙላቱ ያበቀለውን ሣር ተከትለው ከብቶቻቸውን ወደ ወንዞቹ ያወርዳሉ። በሜዳው ላይ የሚቀሩት ኩሬዎችም የዓሣ መገኛ ናቸው። ስለዚህ በአንዱ መዝገብ ብክነት የተባለው በሌላው ዘንድ ግጦሽ፣ እህልና ዓሣ ነው።

ይህ ልዩነት የቃል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ኸርስት፣ ብላክና ሲማይካ በ1946 ባሳተሙት ሰባተኛው ጥራዝ የናይልን ውሃ የወደፊት አጠባበቅ የሚመለከት ሰፊ ዕቅድ አቀረቡ። ዕቅዱ ውሃን በምድር ወገብ አካባቢ በሚገኙ ታላላቅ ሐይቆችና በጣና ሐይቅ ማከማቸትን፣ እንዲሁም በደቡብ ሱዳን የሚገኘውን የሱድ ረግረግ አልፎ የሚሄድ ቦይ መቆፈርን ያጠቃልል ነበር። ይህ ቦይ በኋላ ጆንግሌይ በሚል ስም ታወቀ። የሱዳን መንግሥት ዕቅዱ በአካባቢው ሕዝብ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ እንዲያጠና ያቋቋመው ቡድን በ1954 ባሳተመው ሪፖርት የሙላቱ መቀነስ የኑዌር፣ የዲንካና የሽሉክ ሕዝቦችን ግጦሽና ዓሣ ማጥመጃ በእጅጉ እንደሚጎዳ በዝርዝር አመለከተ።

በኋለኞቹ ዓመታት የማቻርን ረግረግ ውሃ በቦይ ወደ ነጭ ዓባይ የመምራት ሐሳብም በግብፅና በሱዳን ዕቅዶች ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ወንዙ ከጋምቤላ የሚወርድ ሆኖ ሳለ የወንዙ ባለቤት የሆነችው ኢትዮጵያ በእነዚህ ዕቅዶች ዝግጅት ውስጥ አልተሳተፈችም። በ1959 ግብፅና ሱዳን በተፈራረሙት ስምምነት የናይል ዓመታዊ አማካይ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተብሎ ተወስዶ በሁለቱ አገሮች መካከል ሲከፋፈልም እንዲሁ ነበር።

የዘመናት ክምችት

የኸርስት ታላቁ ግኝት የመነጨው ከአንድ ተግባራዊ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም አንድ ግድብ ወይም ሐይቅ ጥሩ ዓመትና መጥፎ ዓመት ሳይል የወንዙን አማካይ ውሃ በየዓመቱ ለመስጠት እንዲችል ስፋቱ ምን ያህል መሆን አለበት የሚል ነበር። ይህን ዓይነቱን ማከማቻ ኸርስት የምዕተ ዓመት ክምችት ብለው ሰይመውታል። ከአንድ ክረምት ወደ ቀጣዩ በጋ ብቻ ከሚያሸጋግር የዓመት ክምችት የሚለየው የሰባውን ዘመን ትርፍ ለከሳው ዘመን የሚያቆይ በመሆኑ ነው።

በዘመኑ የነበረው የሒሳብ እውቀት አንድ ዓመት ከሌላው ዓመት ጋር አይገናኝም ብሎ ይነሣል። ሳንቲም ሲወረወር ያለፈው ውጤት ቀጣዩን እንደማይወስን ሁሉ፤ የዘንድሮ ዝናብም የከርሞውን አይወስንም የሚል ነው። በዚህ ስሌት መሠረት የሚታሰበው ዘመን በአራት እጥፍ ቢረዝም የሚያስፈልገው ማከማቻ የሚጨምረው በሁለት እጥፍ ነው።

ኸርስት ይህን በናይል ላይ ሲፈትሹት አልሠራላቸውም። በካይሮ በሮዳ ደሴት ላይ ያለው ጥንታዊ የናይል መለኪያ ከ622 ጀምሮ የተመዘገበ የውሃ ከፍታ ስላለው ከየትኛውም የዓለም ወንዝ የረዘመ መዝገብ ለመመርመር ዕድል ሰጥቷቸዋል። መዝገቡ የሚያሳየው ከፍተኛ ዓመታት ከፍተኛ ዓመታትን፣ ዝቅተኛ ዓመታትም ዝቅተኛ ዓመታትን ተከትለው እንደሚመጡ ነው። በቅርቡ ዘመን እንኳ ከ1899 በፊት በነበሩት 30 ዓመታት ናይል በአስዋን በአማካይ 110 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ሲያስተላልፍ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት አሥርት ዓመታት አማካዩ ወደ 84 ቢሊዮን ወርዷል።

ሊቁ በናይል ብቻ ሳይወሰኑ የዝናብን፣ የሙቀትን፣ የሐይቅ ደለል ንጣፎችንና የዛፍ ዕድሜ ቀለበቶችን መዝገቦች በብዛት ሰብስበው መረመሩ። ውጤታቸውን ከዕድል ጋር ለማነጻጸርም ሳንቲሞችን ደጋግመው እየወረወሩ፣ ለዚሁ ሥራ ያዘጋጁአቸውንም ካርታዎች እየሳቡ በእጃቸው ይጽፉ ነበር። ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን ይህ ሁሉ የተከናወነው በትዕግሥት ነው። በ1951 ባሳተሙት ጥናት የተፈጥሮ መዝገቦች ከሳንቲም ውርወራ የተለየ ሕግ እንደሚከተሉ አመለከቱ። በዕድል ብቻ ለሚመራ ነገር 0.5 መሆን የሚገባው ቁጥር በተፈጥሮ መዝገቦች ላይ በአማካይ 0.73 ገደማ ሆኖ ተገኘ። በተግባር ሲታይ ዘመኑ በአራት እጥፍ ሲረዝም የሚያስፈልገው ማከማቻ የሚጨምረው በሁለት እጥፍ ሳይሆን ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው ማለት ነው።

ግኝቱ በመጀመሪያ ጥርጣሬ ገጥሞት ነበር። አንዳንድ የሒሳብ ሊቃውንት የተመረመሩት መዝገቦች አጭር በመሆናቸው የተፈጠረ ነው ብለው አስበዋል። ሁኔታው የተለወጠው በ1968 ቤኖይት ማንደልብሮት የተባሉት የሒሳብ ሊቅ ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት ነው። እርሳቸውም ለሁለቱ የወንዝ ጠባዮች ከመጽሐፍ ቅዱስ ስም አወጡላቸው። በድንገት ከልክ በላይ የሚመጣውን ሙላት የኖኅ ክስተት፣ ለረዥም ዓመታት ተከታትሎ የሚዘልቀውን ጥጋብ ወይም ድርቅ ደግሞ የዮሴፍ ክስተት ብለው ሰየሙ። ሰባት የጥጋብና ሰባት የረሃብ ዓመታትን ታሪክ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የስያሜው ምክንያት ማብራሪያ አያሻውም። የኸርስት ቁጥር የሚባለው መለኪያም ከውሃ ሳይንስ አልፎ እስከ ገንዘብ ገበያና እስከ ሕክምና ጥናት ድረስ አገልግሎት ላይ ውሏል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ኸርስት በ1946 ከዳይሬክተርነታቸው ከወረዱም በኋላ በግብፅ መንግሥት የሳይንስ አማካሪነት ለብዙ ዓመታት ቀጥለዋል። በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ የናይል አባት የሚል ቅጽል ስም አግኝተው ነበር። ያቀረቡት ዕቅድ ግን እንዳሰቡት አልተፈጸመም። ሊቁ የመረጡት ውሃው ትነት በሚያንስባቸው ደጋማና ሰፋፊ ሐይቆች እንዲከማች ነበር። የግብፅ መንግሥት ደግሞ ውሃውን በራሱ ድንበር ውስጥ ማከማቸትን መርጦ የአስዋንን ከፍተኛ ግድብ ከ1960 እስከ 1970 ገነባ። የግድቡ ቦታ ከኸርስት ምርጫ ቢለይም ከብዙ ዓመት የተረፈን ውሃ ለብዙ ዓመት ማቆየት የሚለው መሠረተ ሐሳብ የእርሳቸው ነበር።

በ1968 ከግብፅ ተሰናብተው በኦክስፎርድ አቅራቢያ መኖር ጀመሩ። በታኅሣሥ 1978 በ98 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በዚሁ ዓመት የጆንግሌይ ቦይ ቁፋሮ ተጀምሮ ነበር። ቦይው ከታቀደው 360 ኪሎ ሜትር ውስጥ 260 ያህሉ ከተቆፈረ በኋላ በደቡብ ሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት በ1984 ቆሞ ቀርቷል። በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ቦይው ያስነሣው ቅሬታ ለጦርነቱ ምክንያት ከሆኑት ጉዳዮች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ብክነት የተባለውን ውሃ ለማዳን የታሰበው ሥራ ባለቤቶቹን ሳያማክር በመጀመሩ ዳር ሳይደርስ ቀረ።

ለጋምቤላ የተረፈው ትምህርት

የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ በ1956 ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሰ ወዲህ በባሮ አኮቦ ተፋሰስ የራሳችን ጥናቶች ተካሂደዋል። በ1997 የተጠናቀቀው የተፋሰሱ ማስተር ፕላን ጥናት ተፋሰሱ ወደ 76 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋና በዓመት ከ23 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ የሚያመነጭ መሆኑን አመልክቷል። በአቦቦ ወረዳ በአልዌሮ ወንዝ ላይ በ1980ዎቹ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ግንባታው የተጀመረው ግድብ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ የመያዝና ወደ 10 ሺህ ሄክታር መሬት የማጠጣት ዓላማ የነበረው ሲሆን፤ ቦዮቹ ባለመሟላታቸው ከታሰበለት ማሳ አብዛኛውን ለረዥም ዓመታት ሳያጠጣ ቆይቷል። ውሃን መያዝ አንድ ነገር፣ ወደ ማሳ ማድረስ ሌላ ነገር መሆኑን የሚያስገነዝብ ምሳሌ ነው።

ጎርፍ በሌላ በኩል የክልሉ ተደጋጋሚ ፈተና ሆኖ ቀጥሏል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሮና ሌሎች ወንዞች ሞልተው በጋምቤላ ከተማና በበርካታ ወረዳዎች ብዙ ሕዝብ ከመኖሪያው እንዲፈናቀል አድርገዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በየስብሰባው የሚነገሩት ሙያዊ ቃላት በትክክል ካልተረዱ ውሳኔው ይሳሳታል። ለምሳሌ የመቶ ዓመት ጎርፍ ሲባል በመቶ ዓመት አንዴ መጥቶ የሚሄድ ማለት አይደለም። በእያንዳንዱ ዓመት የመከሰት ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ጎርፍ ማለት ነው። ስለዚህ ለ30 ዓመታት እንዲያገለግል የተሠራ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንዲህ ያለ ጎርፍ የመጋፈጥ ዕድሉ ከአራት አንድ ያህል ነው። የኸርስት ግኝት ሲታከልበት ደግሞ ከፍተኛ ዓመታት ተከታትለው ሊመጡ ስለሚችሉ አንዱ ጎርፍ ስላለፈ ቀጣዩ ዓመት ሰላም ነው ማለት አይቻልም።

በወንዝ ዳር ስለሚሠራው የጎርፍ መከላከያ የአፈር ግድብም እንዲሁ ነው። ግድቡ ውሃውን አያጠፋውም፤ ከአንድ ዳር ከልክሎ ወደ ሌላው ዳር ወይም ወደ ታችኛው መንደር ይገፋዋል እንጂ። ከጀርባው የሚጠራቀመውን የዝናብ ውሃ የሚያስወጣ የማንጣፈፊያ ቦይ ካልተሠራለት ደግሞ ራሱ የጎርፍ ምክንያት ይሆናል። ከዚህም በላይ ሙላቱን ፈጽሞ የሚከለክል ሥራ የሽሽት እርሻውንና ግጦሹን አብሮ ይከለክላል። የትኛው ሰፈር እንዲጠበቅ፣ የትኛው ሜዳ ደግሞ እንዲሞላ እንደሚተው መለየት የሚቻለው ከልኬቱ በተጨማሪ ነዋሪውን በመጠየቅ ነው።

የብዙ ዓመት ክምችት የሚለው ሐሳብም ዛሬ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ይገኛል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ አቅም ያለው ሲሆን፤ ይህም ከዓባይ ወንዝ የአንድ ዓመት አማካይ ፍሰት ይበልጣል። ኸርስትና ባልደረቦቻቸው ከካይሮ ሆነው የነደፉትን የክምችት ጥበብ የውሃው መነሻ አገር በራሷ አቅም ተግባራዊ አድርጋዋለች።

ሐሮልድ ኸርስት የግብፅን ጥቅም ለማስጠበቅ የተቀጠሩ ባለሙያ እንደነበሩ አይካድም። ዕቅዳቸውም ተፋሰሱን ከታች ወደ ላይ የተመለከተ ነበር። ይሁን እንጂ በአድልዎ ያልተለወጠ አንድ ነገር ትተዋል፤ እርሱም በጥንቃቄ የተለካ ቁጥር ነው። ባሮ ስንት ውሃ እንደሚያወርድ፣ ስንቱ በሜዳው እንደሚቀር፣ ክፉና ደጉ ዘመን እንዴት እንደሚፈራረቅ የሚያስረዳው መዝገብ ዛሬ የኢትዮጵያንም መብት ለማስረዳት ያገለግላል። ያ መዝገብ የተገነባው በየወንዙ ዳር በየጠዋቱ ሰሌዳ እያነበቡ ቁጥር ሲጽፉ በኖሩ፣ ስማቸው ባልተመዘገበ ሠራተኞች ነው። በጋምቤላ በባሮ ዳር ይህ ንባብ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል የሚመደብ በጀትና ሠራተኛ ጎርፍ ሲመጣ ከሚወጣው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ ግን ከአንድ ትውልድ ያልፋል።